እትዬን ኮምፒውተር ላይ መጫን

«ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ቤት ሽቦ ማለት ነው። ስለዚህ «ንፋስ ስልክ» ስንል ቃል በቃል «የንፋስ ሽቦ» እያልን ነው። የድሮ ሰዎች በሽቦ የሚሄደውን ስልክ ለምደው ሳያበቁ ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ መልእክት መጣባቸው። ሌላ ስም ፍለጋ ከመድከም «ንፋስ ስልክ» ብለው ተገላገሉት። ስሙም ሰፈር ሆነ፤ ከዚያ ክፍለ ከተማ ሆኖ ቀረ። ዋይፋይ ሳይወለድ ዋይፋይ የሚባል ሰፈር ነበረን ማለት ነው እኮ!

እኔ የምሠራው በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ነው። (ሜክሲኮ ላይ «ጀሞ፣ ጀሞ፣ ጀሞ» የሚሉት ረዳቶች ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ።) በዚህ ባለ ታሪክ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግን የቢሮአችን ስልክና የቢሮአችን ኮምፒውተር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰላም አይባባሉም ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ሁለቱ ስለ መተዋወቃቸው ነው፤ ሲተዋወቁ መሀል ላይ ቆመው ስለነበሩት ሴትዮም ጭምር።

ትምህርቴ ጋዜጠኝነት ነው። የኮንዶሚኒየማችን ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናይሽ?» ይሉኛል። እኔም «በቅርቡ» እላለሁ። እውነቱ ግን የሥራ መደቤ «የደንበኞች አገልግሎትና ማኅበራዊ ሚዲያ ባለሙያ» ይባላል። ሲተረጎም ፌስቡክ ላይ የሴራሚክ ፎቶ የምትለጥፍ፣ ስልክ ሲበዛ የምታነሳ ማለት ነው። ድርጅታችን የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ይሸጣል። ስሙን ልዝለለው፤ እንጀራ ነው።

ስልኩን በዋናነት የሚያነሱት እትዬ ናቸው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ፒቢኤክስ የሚባል ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል። ከቴሌ የሚመጡት መስመሮች እዚያ ይገቡና ወደየክፍሉ የውስጥ መስመር ይበተናሉ፤ የሚበትኑት እትዬ ናቸው። «ሀሎ» የሚለውን ሲሰሙ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። «ማን ልበል?» የሚሉት አዲስ ሰው ሲሆን ብቻ ነው። ከስልኩ አጠገብ ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር አለች፤ ጠርዟ ተበልቷል፤ ከእሳቸው በቀር የሚያነባት የለም።

ሁለቱ ሲተዋወቁ

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ሰው ሲደውል ቁጥሩ ከጥሪው ጋር አብሮ ይመጣል። ፒቢኤክሱ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ኮምፒውተሩ የደንበኞችን ዝርዝር ያገላብጥና ስልኩ ገና እየጮኸ ሳለ «እገሌ ነው፤ ባለፈው ወር ይህን ገዝቷል፤ ይህን ያህል ይቀርበታል» ብሎ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። በግልባጩ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ስትነኩት ስልኩ ራሱ ይደውላል። ከዚያ ጥሪ መቅዳት፣ ማን ስንት ደቂቃ አወራ ብሎ መቁጠር፣ ያልተነሳ ጥሪ መዝግቦ ማስቀመጥ ይከተላል።

ፈረንጆቹ ይህን ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ዊንዶውስና ስልክ የሚግባቡበትን «ታፒ» የተባለ ዘዴ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ማርክ ስፔንሰር የሚባል የአላባማ ተማሪ ለጀማሪ ድርጅቱ ፒቢኤክስ መግዣ ገንዘብ ቢያጣ፣ ተራ ኮምፒውተርን ፒቢኤክስ የሚያደርግ ሶፍትዌር ራሱ ጻፈና በነጻ ለቀቀው። አስተሪስክ ይባላል። (ስልካችሁ ላይ ከዜሮ አጠገብ ያለችው ኮከብ ናት ስሟን ያዋሰችው።)

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጀመረው 8028 ገበሬው ደውሎ፣ ቁልፍ እየተጫነ፣ ስለ እርሻው የተቀዳ ምክር በቋንቋው እንዲሰማ ነበር የተሠራው። የሳምራዊት ፍቅሩ ራይድ ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው 8294ን ሲሰጥ ከጀርባው ያለው ሐሳብ ይኸው ነው። እናቴ ደውላ «ጀሞ ሚካኤል አጠገብ ነኝ» ትላለች፤ ያነሳችው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች፤ ሾፌሩ ስልክ ላይ ይወጣለታል። የቤት ቁጥር በማይነገርበት ከተማ «አጠገብ» የምትለዋን ቃል ወደ ካርታ የሚተረጉም ሰው መሀል ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ታዲያ ተራው ቢሮ ለምን ዘገየ? አንዱ ገንዘብ ነው። ሌላው ፍርሃት ይመስለኛል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ይከለክል ነበር። የ2004ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው የሚያሳስር ሆነ። ስካይፕ መጠቀም ወህኒ ያወርዳል ተብሎ የተወራው ያኔ ነው፤ መንግሥትም ተራውን ተጠቃሚ አይመለከትም ብሎ ማስተባበል ነበረበት። የቢሮን ስልክ ከዚያው ቢሮ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ሌላ ጉዳይ ነው። ግን «ስልክ» እና «ኮምፒውተር» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ሰው ግራ ቀኙን የሚያይበት ዘመን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር ከፈተ። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም በ07 አዲስ አበባ ገባ። የእኛም አለቃ «እኛስ ለምን አናዘምንም?» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁጥሩ የማን ነው?

ቴክኒሺያኖቹ መጡ። የደንበኞቹን ዝርዝር ከፒችትሪ ወደ ኤክሴል አወጡት። (ፒችትሪ ስሙን ሴጅ ካለ ቆይቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ሒሳብ ክፍል ግን ፒችትሪ አይሞትም።) መጀመሪያ የተጣሉት ከቁጥሮቹ ጋር ነበር። አንዱ ደንበኛ በ0911 ተመዝግቧል፤ ሌላ ቦታ ያው ሰው በ+251911፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ዜሮዋ ጠፍታ በ911። (ኤክሴል ከፊት የምትቆም ዜሮ አይወድም፤ ይውጣታል።) ለእኔና ለእናንተ አንድ ቁጥር ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አኃዞች ብቻ እንዲያመሳክር ተደርጎ ታረቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቁጥሮቻችን ወደ አስር አኃዝ ከመቀየራቸው በፊት የተጻፉ ባለ ስድስት አኃዝ ስልኮችም ተገኙ። እነሱን የሚያለቅስላቸው እንኳ አልነበረም።

ቀጥሎ ስሞቹ መጡ። የአማርኛው ዝርዝር ዎርድ ላይ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነበር። ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ሲገለበጥ ስሙ ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ቁጭ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የቆዩት ፎንቶች ግን አማርኛውን በእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር የሚያሳዩን። እሱ ሲስተካከል ደግሞ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ ተሰለፉ። ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሀይ ተከተሉ። ለፍለጋው ሁሉም የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት አለቀ። ከዚያ አለቃ ጠሩኝና «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? እትዬ ደብተርና ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ጠይቀሽ አስገቢልኝ» አሉኝ። ከቴክኒሺያኖቹ አንዱ ሥራውን «እትዬን መጫን» ብሎ ሰየመው። ሳቅን። እትዬም ሳቁ፤ እሳቸው ግን ትንሽ ዘግየት ብለው ነው የሳቁት።

ከተመረቅኩ በኋላ ያደረግኩት የመጀመሪያው ረጅም ቃለ መጠይቅ ይኸው ነው። ሦስት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልኩ ጋብ ሲል።

«ይሄ ቁጥር የማን ነው?» እላለሁ።

«የፎርማኑ ነው።» ልጽፍ ስል «ግን የሚደውለው ዘበኛው ነው» ይላሉ። «ፎርማኑ ስልኩን ዘበኛው ቤት ነው ቻርጅ የሚያደርገው። ዘበኛው ከደወለ መኪናው የት ደረሰ ሊል ነው። ራሱ ከደወለ ዋጋ ሊያስቀንስ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«እሷ ሱቋ ለቡ ነው። ሲሙ በባሏ ስም ነው፤ የምታዘው እሷ። የባሏን ስም ጽፈሽ ‹አቶ እገሌ› ብለሽ ብታነሺ ትቀየማለች።»

«ይሄስ እትዬ?»

«ጠዋት ከሆነ ጋሼ ናቸው። ከሰዓት ከሆነ ልጃቸው ነው። ልጁ ሲያዝ አባትየውን ሳትጠይቂ ፕሮፎርማ እንዳትልኪ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሶፍትዌሩ የተሠራው አንድ ቁጥር አንድ ሰው ነው ብሎ ነው። የተሠራበት አገር ምናልባት እንደዚያ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ስልክ ይዋሳል፣ ይወረሳል፣ በባል ስም ይወጣል፣ ለልጅ ይሰጣል፣ ከዘበኛ ጋር ያድራል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ የሚያውቁት እትዬ ናቸው።

ሌላም አለ። ስክሪኑ ስም የሚያወጣው ድምፅ ሳይሰማ ነው። «ደስታ» ብሎ ሲያወጣላችሁ ምን ብላችሁ ታነሳላችሁ? «ስንታየሁ» ሲልስ? ወንድ ነው ሴት? ወጣት ነው አዛውንት? በእንግሊዝኛ ቢሆን አንዲት ቃል ሁሉንም ትሸፍናለች። በአማርኛ ግን «እንዴት ነህ»፣ «እንዴት ነሽ»፣ «እንዴት ነዎት» ከሚሉት አንዱን ሳትመርጡ አፋችሁ አይከፈትም። የስልሳ ዓመት ሰው አንተ ብላችሁ ጀምራችሁ ሴራሚክ ልትሸጡ?

ስለዚህ ቴክኒሺያኑን ሦስት አምድ እንዲጨምር ለመንኩት፦ «በዚህ ቁጥር ማን ማን ይደውላል»፣ «ትእዛዝ ሲመጣ ማን ይረጋገጥ» እና «አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ»። ሦስተኛው ላይ ሳቀ። ግን ጨመረው። አሁን ቢሮው ውስጥ በጣም የሚታየው አምድ እሱ ነው።

«ይሄን አትጻፊ»

በሦስተኛው ቀን የአንድ ደንበኛ ቁጥር ላይ ደረስን። ብዙ ጊዜ ይደውላል፤ የሚገዛው ትንሽ ነው። «ለምን ይሆን?» አልኳቸው። ነገሩኝ። ከዚያ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ጫን አድርገው «ይሄን አትጻፊ» አሉኝ። «ለእኔ ነው የነገረኝ፤ ለሣጥኑ አይደለም።»

እዚህም አልጽፈውም።

ክፍል ውስጥ «ከመዝገብ ውጪ» የሚባለውን ነገር ተምረናል። ምንጩ ከመዝገብ ውጪ ካለ አለቀ። ግን ምንጩ የሚያወራው ጋዜጠኛ መሆንሽን አውቆ ነው። ይሄ ሰውዬ የነገረው ስልክ ላይ ለለመዳቸው ሴት ነው። አምድ ውስጥ ሲገባ ግን ከመጋዘን ሠራተኛ እስከ አለቃ ያነበዋል፤ እትዬ ጡረታ ወጥተው ከሄዱ በኋላም እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እትዬ ይህን ሁሉ ለዓመታት ያውቁ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። ያወቁት ነገር ሲጻፍ ነው ሌላ ነገር የሚሆነው።

ከዚያ የመቅዳቱ ጉዳይ መጣ። ሲስተሙ እያንዳንዱን ጥሪ መቅዳት ይችላል፤ አለቃም ሐሳቡን ወደውታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ለምን እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። እኔ ሕግ አልተማርኩም። ግን መቅረጸ ድምፅ ከመክፈትሽ በፊት ንገሪ የሚለው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ተከራከርኩ፤ አለቃም ተስማሙ። ጥሪው ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያ ይኑር ተባለ።

ማን ያንብበው ሲባል ሁሉም እኔን አየ። የዜና አነባበብ ኮርስ የወሰድኩ እኔ ነኛ! እኔ ግን እትዬ ያንብቡት አልኩ። በእሳቸው ድምፅ ተቀዳ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው። መቀዳት የማይፈልጉ ከሆነ ዜሮን ይጫኑ።»

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቅጂ ብትሰሙት! ደንበኛው ሁሉ ለማስታወቂያው መልስ ይሰጣል። «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ! እርስዎስ ደኅና ነዎት? ልጆቹስ?» ይልና ይጠብቃል። ዝምታ። ከዚያ ሙዚቃ። አንዱን ለእትዬ አሰማኋቸው፤ ይስቃሉ ብዬ ነበር። «ውይ፣ እሱ እየጠየቀኝ እኔ ዝም አልኩት!» ብለው ተቆጩ። ወዲያው መልሰው ደወሉለት።

ሪፖርቱ ሲመጣ

ወር ሲሞላ ሲስተሙ ሪፖርት አወጣ። ከሁላችንም ረጅሙን ጥሪ የሚያወሩት እትዬ ናቸው። አለቃ ወረቀቱን አዩና «ሰላምታ ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ። አዎ፣ ሰላምታ ነው። ደኅና ነህ፣ ቤት ደኅና ነው፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ «የጥሪ ርዝመት» በሚል አንድ ቁጥር አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ርዝመት ደግሞ እዚያ ቋንቋ ውስጥ ጥፋት ነው። በዚያ ሰሞን «ስክሪኑ ስም እያወጣ ኦፕሬተር ለምን ያስፈልገናል?» የሚል ወሬ ከላይ ወደ ታች ወረደ። እትዬ የሰሙ አይመስሉም ነበር። ሰምተዋል።

እኔ ያደረግኩት ትንሽ ነው። ሌላ ሪፖርት ጠየቅኩ፦ አንድ ደንበኛ በተመሳሳይ ቀን ስንት ጊዜ መልሶ ይደውላል? የሌሎቻችን ጥሪ አጭር ነው፤ ግን ደንበኛው በዚያው ቀን ደግሞ ይደውላል፤ ልኩን ረስቶት፣ ቀለሙን ሳንጠይቀው ቀርተን። የእትዬ ረጅም ነው፤ አንዴ ያልቃል። «ቤት ደኅና ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ውስጥ «ኧረ ሁለተኛ ፎቅ ጀመርን» የሚል አለበት። ሁለተኛ ፎቅ ማለት ሌላ ትእዛዝ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ወሬው ለጊዜው ጋብ አለ።

እትዬን መልአክ አድርጌ እንዳልስልባችሁ ግን። የሚወዱት ደንበኛ ቶሎ ይቀርባል፤ የተቀየሙት «መስመር ላይ ይጠብቁ» ይባላል፤ ይጠብቃል። የዛሬው አውቶማቲክ ስልክ አባት አልሞን ስትሮውጀር የካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። የተፎካካሪው ሚስት ኦፕሬተር ሆና የእሱን ደንበኞች ወደ ባሏ እያዞረችበት ተናዶ ነው ይባላል፤ ኦፕሬተር የማያስፈልገው ማዞሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት አገኘ። እኛም ጋ ሲስተሙ ከገባ ወዲህ ያልተነሱ ጥሪዎች በቀይ ይታያሉ፤ አብዛኞቹ ድምፃቸው የማይታወቅ አዲስ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ማንም አያስታውሳቸውም ነበር። አሁን ማታ ከመውጣታችን በፊት እንደውልላቸዋለን። ማሽኑ ለማያውቀውም ለሚያውቀውም እኩል ነው፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞ መብራት አለ። ሲሄድ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ዩፒኤሱ ጥቂት ጮኾ ይሞታል፤ ሳጥኑም ይከተለዋል። አንዲት የመስመር ስልክ ግን በቀጥታ ከቴሌ መስመር ጋር እንድትያያዝ ተደርጋለች። የመስመር ስልክ የሚሠራበትን ኃይል የሚያመጣው ራሱ ሽቦው ነው። ያቺ ስልክ የእትዬ ናት። ሌላው ሁሉ «ሲስተም የለም» ሲል እሳቸው ደብተሯን ገልጠው «ሀሎ» ይላሉ።

እንግዲህ ወገን፣ ቢሮአችሁ ስልኩንና ኮምፒውተሩን ሊያገናኝ ካሰበ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አምዶቹን ለሻጩ አትተዉለት፤ ስልክ የሚያነሳውን ሰው አጠገቡ አስቀምጡ። የሚቀዳ ከሆነ ለደዋዩ ንገሩት። ርዝመት ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ካያችሁ ሁለተኛ ሪፖርት ጠይቁ። «ይሄን አትጻፊ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ አትጻፉ።

እስካሁን ከደብተሯ ያስገባሁት ግማሹን ያህል ነው። የቀረውን በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት እንቀጥላለን። እትዬ አንዳንዱን ገጽ ያልፉታል፤ አልጠይቅም። ለጡረታቸው ሁለት ዓመት አለን። የምንጨርስ አይመስለኝም።

ቸር እንሰንብት!